የጀልባ መሪ መኪናዬ ላይ ልግጠም ወይስ ልተወው?

አሮጌ_ፍቅር

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ።

አጎቴ ሞተሩ ከሞተ ዓመታት ያለፈው ጀልባ ነበረው። በመጨረሻ ሊያስወግደው ሲል መሪውን ፈትቼ አስቀረሁት። እስቴንለስ ስቲል ነው። ከመሃል ወደ ጠርዙ አምስት ዘንጎች ይወጣሉ። ጠርዙ ከስር በኩል የጣት ማረፊያ አለው፣ ስትይዙት እጃችሁ ውስጥ ቁጭ ይላል። በሳሙና ሳጥበው እንደ መስታወት አበራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

መኪናዬ የ1972 ሞዴል ናት (እ.ኤ.አ.)። ኤርባግ የላትም፣ ፓወር ስቲሪንግም የላትም። የራሷ መሪ ፕላስቲኩ ተሰነጣጥቆ መዳፌን ይልጠኛል። ስለዚህ ልቀይረው አሰብኩ። የጀልባው መሪ ስፋቱ 34 ሴንቲሜትር ነው፣ የመኪናዋ 40።

ችግሩ መሃሉ ላይ ነው። የጀልባው መሪ ቀዳዳ ልሙጥ ሆኖ ወደ አንድ ጎን እየጠበበ ይሄዳል። መሪው የሚቀመጥበት የመኪናዋ ዘንግ ደግሞ ዙሪያውን ጥርስ አለው። አይገናኙም። በያጅ የሆነ ጓደኛዬ «አምጣው፣ በአስር ደቂቃ በይጄ እሰጥሃለሁ» ብሎኛል። ልስጠው?

ሶስተኛ_ማርሽ

ከገጠምከው በኋላ መልህቁን የት ልታስር ነው? ፓራውልቱ ላይ?

ነጂዋ

አትስጠው። ምክንያቱን ስመለስ እጽፋለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ግን እስከዚያ ድረስ መኪናዋን ለጓደኛህ እንዳታሳየው።

ጋሽ_ቶርኖ

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። ብየዳውን እርሳው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካላወቅህ ነገ ሌላ በያጅ ትፈልጋለህና።

የጀልባ መሪ የሚቀመጥበት ዘንግ በአብዛኛው ባለ 3/4 ኢንች ነው፣ 19 ሚሊሜትር ገደማ። ጫፉ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። የመሪው ቀዳዳም በዚያው ልክ ይጠባል። ዳዶውን ስታጠብቀው መሪው ዘንጉ ላይ እየተጨመቀ ይነክሳል። ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዋናነት ያ ጭምቅ ነው። በጎኑ ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት ትገባለች። እሷ ቦታ ታስይዛለች፣ ጭምቁ ቢላላ ደግሞ መንሸራተትን ትከለክላለች።

የመኪና ዘንግ ሌላ ነው። ዙሪያውን ረቂቅ ጥርሶች አሉት። የጥርሱ ብዛትና የዘንጉ ውፍረት ከአምራች አምራች ይለያያል፣ አንዳንዴ ከዓመት ዓመትም። መሪው ውስጥ ያለው ጥርስ ከዚያ ጋር አንድ በአንድ ይጋጠማል። ያ ሁሉ ጥርስ ጫናውን ይካፈለዋል። ለዚህ ነው የመኪና መሪ ሲንሸራተት የማትሰማው።

አሁን ወደ ጓደኛህ። ሊያደርግ የሚችለው ከሦስት አንዱን ነው። አንደኛ፣ መሪውን ቀጥታ ከዘንጉ ጋር መበየድ። ይህን ካደረገ መሪው ዳግመኛ አይወልቅም፣ ዘንጉም በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጣል። ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ከሆነ ብየዳው ያንን ያጠፋዋል፣ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ውስጥ ቡሽ (ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት) አስገብቶ መበየድ። እስቴንለስን ከተራ ብረት ጋር መበየድ ይቻላል፣ ግን ለዚሁ የሚሆን የብየዳ ዘንግ ያስፈልገዋል። በተገኘው የብየዳ ዘንግ ከተሠራ የሚያምር ብየዳ ይሆንና ውስጡ ተሰባሪ ነው። ሦስተኛ፣ በቀዳዳው ጎን ቡሎን አሳልፎ ማጥበቅ። ይህን ያየሁት ጋሪ ላይ ነው።

በአስር ደቂቃ የሚያልቅ የመሪ ሥራ የለም።

የውሃ_ሰው

ጋሽ ቶርኖ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የጀልባ ሞተርና መሪ እጠግናለሁ። ከእኛ በኩል የምጨምረው አለኝ።

ሰው የጀልባን መሪና የመኪናን መሪ አንድ ነገር ያደርጋቸዋል፣ ሁለቱም ክብ ስለሆኑ። ሥራቸው ግን ይለያያል። መኪና ስትጠመዝዝና እጅህን ስታላላ መሪው ራሱ ወደ መሃል ይመለሳል። የፊት እግሯ አቀማመጥ ነው እንዲያ የሚያደርገው። ጀልባ ላይ ይህ ጠባይ የለም ማለት ይቻላል፣ በተለይ ሃይድሮሊክ ከሆነ። ያቆምክበት ይቆማል። ቀጥ ብለህ መሄድ ስትፈልግ ራስህ ትመልሰዋለህ። በድሮ መርከቦች ላይ ከመሪው ዘንጎች አንዷ ምልክት ይደረግባት ነበር፣ ገመድ ይጠመጠምባታል ወይም ትቦረቦራለች። በጨለማ በእጅ ዳስሰህ እሷን ላይ ስታገኛት መርከቡ ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

ጀልባ ላይ መሪው ከታች የሚመጣበት ምት ትንሽ ነው። መኪና ላይ ጉድጓድ በገባህ ቁጥር መሪው ይመታል። በቀን ስንት ጊዜ ነው? የጀልባ መሪ አልቆ አይቼ አላውቅም ከምትሉ ሰዎች ጋር አልከራከርም፣ የሠራበትን ቦታ ግን ንገሩኝ። ውሃ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ አሮጌ_ፍቅር። ጀልባው የነበረው ጨው ውሃ ላይ ነው ወይስ ሐይቅ ላይ?

አሮጌ_ፍቅር

ጨው ውሃ ላይ። ለምን?

የውሃ_ሰው

ቆይ፣ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ዘንጎቹ ከጠርዙ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ጥሩ አድርገህ አጽዳው።

ዳዶ_እና_ቡሎን

እኔ አድርጌዋለሁ። ሁሉም «አትሞክረው» ካለማ ማን ሊያወራ ነው?

የኔ ከእንጨት የተሠራ የጀልባ መሪ ነበር፣ ውስጡ ላሜራ ያለው። ስድስት ዓመት ነዳሁበት። ግን አንድም ቦታ ላይ አልተበየደም። ያደረግሁት ይህን ነው። ለመኪናዬ ዘንግ ልክ የሚሆን፣ ጥርሱ ከፋብሪካ የተቆረጠ ሞዞ (መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ መሃል) ገዛሁ። ለውድድር መሪ የሚሸጡት ዓይነት ማለት ነው። እነዚህ ሞዞዎች ፊታቸው ላይ ስድስት ቀዳዳ አላቸው፣ ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበት ክብ 70 ሚሊሜትር ነው። ሌላ ልክም አለ፣ 74 ሚሊሜትር። ስትገዛ ለካ፣ በዓይን አይለይም። ከዚያ የጀልባው መሪ መሃሉ ተነቃይ ስለነበር አወጣሁት። በመካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ በቶርኖ አሠራሁ። በአንድ ወገን የሞዞውን ቀዳዳ፣ በሌላ ወገን የመሪውን። በቡሎን ታሰረ፣ አለቀ።

የመሪህ መሃል ከዘንጎቹ ጋር አንድ ላይ ከተበየደ ግን የኔ መንገድ ያስቸግርሃል። መቁረጥ ሊኖርብህ ነው።

ስትፈታ ደግሞ ሁለት ነገር ልምከርህ። ሁለቱንም የተማርኩት በከፋ መንገድ ነው።

የድሮውን መሪ ስታወጣ ዳዶውን አላልተህ ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ሦስት አራት ጥርስ ይያዝልህ። መሪው ድንገት ሲለቅ ዳዶው ያስቀረዋል። እኔ አውጥቼው ነበር። እየጎተትኩ ሳለ «ጧ» ብሎ ለቀቀና ከንፈሬን ሰነጠቀኝ።

ሁለተኛው፣ ዘንጉን በመዶሻ አትምታ። ስንት መካኒክ አይቻለሁ ከኋላ እየጎተተ ከፊት የሚቀጠቅጥ። ብዙ መኪኖች ላይ የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ ወደ ውስጡ እንዲገባ ነው የተሠራው። ሁለቱን ክፍል የሚያያይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ካስማዎች ናቸው። ስትቀጠቅጠው እነሱ ይሰበራሉ። ከዚያ መሪህ ወደፊትና ወደኋላ ይጫወታል፣ አንተም ምን እንደነካው አታውቅም። መንቀያ ተጠቀም። ከመንቀልህ በፊት ደግሞ ዘንጉና መሪው ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምር፣ ቀጥታው የት እንደነበር እንዳይጠፋህ።

ሶስተኛ_ማርሽ

ክላክሱን ምን አደረግኸው? ጀልባ ላይ መሪው ላይ ክላክስ የለም።

ዳዶ_እና_ቡሎን

ሞዞው የክላክሱን ንክኪ ይዞ ይመጣል። መሃል ላይ ቁልፍ ትተክላለህ። የጀልባው መሪ መሃሉ ድፍን ከሆነ ክላክሱን ዳሽቦርድ ላይ ታደርገዋለህ፣ ግን ያ አይመችም። ሰው ድንገት ሲገባብህ እጅህ የሚሄደው መሪው መሃል ነው፣ ዳሽቦርድ መፈለግ ትዝ አይልህም።

ፍሬቻውም አለ። መሪው ሲመለስ ፍሬቻውን የምታጠፋ ጉጥ ሞዞው ጀርባ ላይ አለች። ሞዞውን አዛንፈህ ከገጠምከው ፍሬቻው አንዱን ወገን ያጠፋል፣ ሌላውን አያጠፋም። እኔ ወር ሙሉ ፍሬቻዬ እየበራ ስነዳ ነበር።

ነጂዋ

ተመለስኩ።

እስካሁን ስለ ዘንግና ስለ ቡሎን አወራችሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ስለ ደረት ላውራ። መሪ የምንጠመዝዘው ነገር ብቻ አይደለም። በግጭት ጊዜ ከሰውነታችን ፊት ለፊት የሚጠብቀን የመጀመሪያው ብረት ነው። ድሮ ዘንጉ አንድ ወጥ ነበር። መኪናው ከፊት ሲመታ ዘንጉ እንደ ጦር ወደ ኋላ ይመጣና ነጂውን ይወጋው ነበር። «ነበር» የምለው ሰዎች በዚህ ስላለቁ ነው ሕግ የወጣው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1968 መጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ደንቦች ተግባር ላይ ዋሉ፣ ቁጥራቸው 203 እና 204። አንደኛው የሰው ደረት የሚመስል ነገር በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ መሪው ላይ ሲወረወር የሚደርስበትን ኃይል ይገድባል። ገደቡ 11,120 ኒውተን ነው፣ ከአንድ ቶን የሚበልጥ ክብደት ማለት ነው። ሁለተኛው መኪናው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ግድግዳ ሲመታ መሪው ወደ ነጂው ከ127 ሚሊሜትር በላይ እንዳይመጣ ይከለክላል። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 12ም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የመኪና መሪ ጠርዙ ይታጠፋል፣ መሃሉ ሰፊ ነው፣ ኃይሉን በደረት ላይ ይበትነዋል። አሁን የአሮጌ_ፍቅርን መሪ አስቡት። አምስት የእስቴንለስ ዘንግ፣ መሃሉ ላይ ወጣ ያለ የብረት ዳዶ። ያ ዳዶ የሚያርፈው የት ይመስላችኋል? ጀልባ ግድግዳ አይመታም ማለቴ አይደለም። ግን የጀልባ መሪ የሠራው ሰው ሲሠራው ይህን አላሰበም፣ እንዲያስብም ማንም አልጠየቀው።

ሶስተኛ_ማርሽ

ኧረ ተይ ነጂዋ። መኪናው የ1972 ነው። የድሮ መኪኖችን ለመዝናኛ የሚነዱ ሰዎች እኮ ከዚያም በፊት የተሠራ፣ አንድ ወጥ ዘንግ ያለው መኪና ይነዳሉ። የእንጨት መሪም ይገጥማሉ። እንጨቱ ሲሰበር ደግሞ ጦር ነው። ማንም አይጮህባቸውም። የጀልባ ሲሆን ለምን ይጮሃል?

ነጂዋ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ፦ ያለውን አደጋ መያዝና አዲስ አደጋ መጨመር ይለያያሉ። የእሱ መኪና ዘንጓ ወደ ውስጥ የሚገባ ሊሆን ይችላል። ከሆነ አሁን ያለውን መከላከያ በገዛ እጁ ሊያፈርስ ነው። አንድ ወጥ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ መሃሉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያለው መሪ ይምረጥ፣ ቀበቶም ይሰር። እኔ የምከራከረው ከጀልባ ጋር አይደለም። መሃሉ ላይ ከወጣው ብረት ጋር ነው።

ዳዶ_እና_ቡሎን

የኔ መሪ መሃሉ ላይ ስፖንጅ ነበረው። ለነገሩ ከዚህ በፊት ይህን አስቤው አላውቅም ነበር፣ ለመልክ ብዬ ነው ያደረግሁት።

አዲስ_ነጂ22

ይቅርታ ውይይቱን ላቋርጥ። እኔም አንድ የጀልባ መሪ አለኝ። መኪናዬ ግን ኤርባግ አላት። ኤርባጉን አውጥቼ ብገጥመው መብራቱ ብቻ ነው የሚበራው አይደል? መብራቱን ማጥፋት ይቻላል ይባላል።

ነጂዋ

አይሆንም።

ጋሽ_ቶርኖ

ልጄ፣ ነጂዋ ያለችውን ስማት። እኔ ላብራራልህ። ያ ኤርባግ ውስጡ ፈንጂ አለ። የሚነፋው ዓይንህን ጨፍነህ ከመክፈትህ በፊት ነው፣ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ። ባትሪ ሳይነቀል የነካው ሰው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ባትሪው ተነቅሎም መመሪያው የሚለውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ አለብህ፣ ውስጡ የተጠራቀመ ኃይል አለና። ከመሪው ስር ደግሞ የተጠቀለለ ጥብጣብ ገመድ አለ። መሪው ሲዞር አብሮ የሚጠቀለልና የሚፈታ። ወደ አንድ ወገን ከልኩ በላይ ካዞርከው ይበጠሳል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ የመሪውን አቅጣጫ የሚለካ ሴንሰርም እዚያው አካባቢ አለ። መኪናው እንዳይንሸራተት የሚረዳው ሥርዓት የሚጠይቀው እሱን ነው።

መብራቱን በተለያየ ዘዴ የሚያጠፉ አሉ። መብራቱ ሲጠፋ ኤርባጉ ተመለሰ ማለት አይደለም። ቀጣዩ ገዢ ግን ያለ ይመስለዋል። ይህ ማታለል ነው።

አዲስ_ነጂ22

እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። ግድግዳ ላይ ሰዓት አደርገዋለሁ።

ታሪክ_ወዳድ

ስትከራከሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መኪና ራሱ መሪ የሌለው ነበር እኮ። የካርል ቤንዝ የ1886 መኪና በክብ መሪ አልነበረም የሚዞረው። እንደ ትንሽ ጀልባ በእጀታ ነበር። ክብ መሪ መኪና ላይ ከታየባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ በ1894 ከፓሪስ ወደ ሩአን በተደረገው ውድድር ነው። አልፍሬድ ቫሸሮን የሚባል ሰው ፓናር መኪናው ላይ ገጥሞ መጣ። መርከቦች ግን ክብ መሪ የያዙት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ስለዚህ አሮጌ_ፍቅር ከሰው ሁሉ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ከ130 ዓመት በኋላ።

በዚያ ላይ አንድ መሪ ለሁለቱም የሠራበት መኪና አለ። አምፊካር ይባላል። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ ከ1961 እስከ 1968 ተሸጠ፣ ወደ 3,900 ገደማ ብቻ። መንገድ ላይ መኪና ነው፣ ውሃ ውስጥ ጀልባ ነው። ከኋላ የተለየ የውሃ መሪ የለውም። ውሃ ውስጥም የሚዞረው በፊት ጎማዎቹ ነው። ቀርፋፋ ነው ይባላል፣ ግን ይዞራል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አንድ ነበራቸው። እንግዳ ጭነው ቁልቁል ይነዱና «ፍሬን የለም!» እያሉ እየጮሁ ሐይቅ ውስጥ ይገቡ ነበር። እንግዳው የሚሆነውን አስቡት።

ሶስተኛ_ማርሽ

እኔ ብሆን በመስኮት ወጥቼ ዋኝቼ እሄድ ነበር።

አሮጌ_ፍቅር

እንዴት ያለ ውይይት ሆነ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጓደኛዬን «ቆይ» ብዬዋለሁ፣ ተቀይሟል።

እስከዚያው ከካርቶን 34 ሴንቲሜትር ክብ ቆርጬ በገመድ አሮጌው መሪ ላይ አሰርኩት። መሃሉን ቀድጄ ዘንጎቹን በወረቀት አስመሰልኩ። ልጆቼ አበድኩ ብለው ተሳሳቁ። ግን ሁለት ነገር አየሁ።

የፍጥነት መለኪያው ግማሹ ተሸፈነ። ከ40 በላይ ያለውን ለማየት አንገቴን ማዞር አለብኝ። ትልቁ መሪ ላይ በጠርዙ ውስጥ ነበር የማየው፣ ትንሹ ጠርዝ ቀጥታ ቁጥሮቹ ላይ አረፈ።

ሌላው ክብደቱ ነው። ሂሳቡን ሠራሁት። ከ40 ወደ 34 ስወርድ ለማዞር የሚያስፈልገው የእጅ ኃይል 18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፓወር ስቲሪንግ ለሌላት መኪና ቀላል አይደለም። ቆማ ስጠመዝዛት አሁንም ላብ ያወጣኛል።

ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ሞዞ አዝዣለሁ፣ ባለ 70 ሚሊሜትር። ጋሽ ቶርኖ፣ መሃሉን ቆርጬ ሰሌዳ ባሰራበት ምን ይላሉ?

ጋሽ_ቶርኖ

የሞዞው መንገድ ከብየዳው በእጅጉ ይሻላል። ሰሌዳውን ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ውፍረት አድርገው። ቡሎኖቹ ጥንካሬያቸው የተጻፈባቸው ይሁኑ፣ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚል። አሉሚኒየም ላይ ጥርስ ካወጣህ ጥርሱ የሚይዝበት ጥልቀት ከቡሎኑ ውፍረት ሁለት እጥፍ ይሁን። ካልሆነ አሳልፈህ በዳዶ እሰረው። የማይፈታ ዳዶ ተጠቀም። እስቴንለስና አሉሚኒየም ሲገናኙ፣ እርጥበት ካለ፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው ቅባት አድርግ፣ በየዓመቱም ፍታና እየው።

መሃሉን ከመቁረጥህ በፊት ግን መሪው ራሱ ጤነኛ መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ቁረጥ ስልህ ቆርጠህ፣ ኋላ ከንቱ ሆኖ እንዳይገኝ።

የውሃ_ሰው

እዚያ ላይ ልመለስ ነበር። ጨው ውሃ ያልኩህ ለዚህ ነው። እስቴንለስ አይዝግም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ጨው በተጠራቀመበት ጠባብ ቦታ፣ በተለይ ብየዳው ስር፣ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ከላይ ያብለጨልጫል። በዚያ ላይ ሰው ጀልባ ውስጥ ሲቆም መሪውን ይደገፋል፣ ማዕበል ሲመጣ ተንጠልጥሎ ይይዘዋል። ያ ሁሉ የሚያርፈው ዘንጉ ከጠርዙ ጋር በተበየደበት ቦታ ነው። ካጸዳኸው በኋላ ቡናማ እንባ የመሰለ መስመር ከብየዳው የሚወርድ ካለ እሱ ምልክት ነው።

ስለ ማብለጭለጩ ደግሞ ማንም ስላላነሳው ላንሳ። ጀልባ ላይ ፀሐይ ከላይ ናት፣ አንተም ቆመሃል። መኪና ውስጥ ግን ያ መስታወት የመሰለ ጠርዝ ከፊትህ 40 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ረፋድ ላይ ብርሃኑ ዓይንህ ውስጥ ይገባል፣ የፊት መስታወቱም ላይ ይመላለሳል። በቆዳ ማልበስ ይኖርብሃል።

በነገራችን ላይ ጠርዙ ላይ የምትሽከረከር ኳስ አለችው? ለአንድ እጅ የምትሆን?

አሮጌ_ፍቅር

አለችው። በጣም ነው የወደድኳት።

የውሃ_ሰው

አውጣት። ጀልባ ላይ መሪው ስለማይመለስ ትጠቅማለች። መኪና ላይ መሪው በፍጥነት ሲመለስ አብራ ትዞራለች። እጅጌ ትይዛለች፣ የእጅ አንጓ ትመታለች።

ጋሽ_ቶርኖ

አሮጌ_ፍቅር፣ ቡናማ መስመር ኖረም አልኖረም ስንጥቁን በዓይን አትፈልገው። ስንጥቅ መፈለጊያ ቀለም የሚባል አለ፣ የብየዳ ዕቃ የሚሸጡ ይይዙታል። በደንብ ታጸዳለህ። ቀዩን ፈሳሽ ትረጫለህ። አስር ደቂቃ ያህል ትተወዋለህ፣ ስንጥቅ ካለ ይገባበታል። ከዚያ ላዩን ትጠርገዋለህ። መጨረሻ ነጩን ትረጫለህ። ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ቀይ በነጩ ላይ ወጥቶ ራሱ ይታይሃል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሳትቀር።

አሮጌ_ፍቅር

ዛሬ አደረግሁት።

አምስቱን ዘንግ አጽድቼ ቀባሁ። ስጠርገው ሁሉም ንጹህ መሰለኝ፣ ደስ አለኝ። ነጩን ስረጭ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። አራቱ ምንም የላቸውም። አምስተኛው ላይ፣ ጠርዙ ስር፣ ቀጭን ቀይ መስመር ቀስ እያለች ወጣች። ከብየዳው ዙሪያ ግማሽ ያህሉን ትከባለች። መጀመሪያ ያልጠረግሁት ቀለም ነው ብዬ አጥቤ ደገምኩት። እዚያው ቦታ እንደገና ወጣች።

መሃሉን በሞርሳ አስሬ በዚያ ዘንግ በኩል ጠርዙን ሳብኩት። ድምፅ ሰጠኝ። ትንሽ፣ ልክ ጣት ሲንቋቋ። በአራቱ በኩል ስስብ ዝም ነው።

ሁለት ወር ይህን ነገር እየወለወልኩ ነበር። የወለወልኩት ስንጥቁን ነው ለካ።

ዳዶ_እና_ቡሎን

እግዜር ይወድሃል ወንድሜ። ያን ዘንግ የምትስበው ከመኪና ስትወርድ ነው። ሁላችንም መሪውን ይዘን ነው የምንነሳው።

ሶስተኛ_ማርሽ

እኔ ብዙ ቀልጃለሁ፣ ይቅርታ። ስንጥቁን በይዶ መጠቀም አይቻልም?

ጋሽ_ቶርኖ

ለጀልባ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ምናልባት። ጨው የበላው ብየዳ ሲሆን ግን አንዱን ስትደፍን ጎረቤቱ ይጠብቅሃል። ለመኪና አልሠራውም። ለልጄም አልሠራውም፣ ለማላውቀው ሰውም አልሠራውም።

ነጂዋ

ሞዞው ግን አይጣልም። ያዘዝከው ባለ 70 ሚሊሜትር አይደል? ለዚያ ልክ የሚሠሩ፣ መሃላቸው ስፖንጅ የሆነ ብዙ መሪዎች አሉ። 38 ሴንቲሜትር የሆነ ፈልግ። የፍጥነት መለኪያህም አይሸፈንም።

አሮጌ_ፍቅር

ፈልጌ አገኘሁ። 38 ነው፣ ቆዳ የለበሰ፣ መሃሉ ወፍራም። ዳዶውን ሳላወጣ በመንቀያ ነቀልኩት፣ በቀለም መስመር አስምሬ። ከንፈሬ ደህና ነው። ፍሬቻውም በሁለቱም ወገን ይመለሳል። አንድ ሳምንት ነዳሁት፣ ቅዳሜ ዳዶውን እንደገና ፈተሽኩ፣ አልላላም።

የጀልባውን መሪ በተመለከተ። የታናሽ ወንድሜ ልጅ ኮምፒውተር ላይ የመኪና ጨዋታ ይጫወታል። የመጫወቻው መሪ ተነቃይ ነው፣ ስለካው ስድስት ቀዳዳ፣ 70 ሚሊሜትር። ቶርኖ ቤት ያሠራሁት ሰሌዳ ልክ ገባበት። ስንጥቋን አሳይቼው «በዚህ በኩል አትደገፍ» ብዬዋለሁ። ኳሷንም መልሼ ተከልኩለት። ጨዋታው መሪውን ሲያዞር እጁን ከመታችው ግን አወጣታለሁ።

ሶስተኛ_ማርሽ

መልህቁስ?

አሮጌ_ፍቅር

በሩን ክፍት ማቆሚያ አድርጌዋለሁ።